መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት

ሰው እባብ ይፈራል፣ ሰው ሌባ ይፈራል፤ እናትዬ ግን ከአንድ ዳቦ የማትበልጥ ነጭ የደም ግፊት መለኪያ ትፈራ ነበር። መለኪያዋ የምትቀመጠው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። እናትዬ የመስታወት ዓይኗን ማየት ስለማትወድ ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ጣል አድርጋባታለች። ጠዋት ጠዋት፣ ገና እህል ሳይቀመስ፣ ባሏ ግራ እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣል። እሷ ጨርቁን ታነሳለች፣ መጠቅለያውን ክንዱ ላይ ታስራለች፣ ቁልፉን ትጫናለች። መለኪያዋ እያጓራች ትነፋለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ትተነፍሳለች፤ ከዚያ… ቁጥር! በዚያች ቅጽበት እናትዬ ፊቷን ማዞር ያምራታል። ለምን ቢሉ፣ ቁጥሩን የምታየው እሷ ብቻ ናትና!

ባሏ አያይም። ጨርሶ ታውሯል ማለቴ አይደለም፤ ሰው በር ላይ ሲቆም ጥላውን ይለያል፣ ቀዩን ጨርቅ ከሰማያዊው ይለያል። ጥቃቅኑ ነገር ግን ከድቶታል። ስኳር በሽታው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አድፍጦ ተቀምጦ ተቀምጦ በመጨረሻ ዓይኑን ያዘው። ልብስ ሰፊ ነው ሰውየው። ልብስ ሰፊ ዓይኑን ከተቀማ ምን ይቀረዋል? እጁ ብቻ! እናትዬ በየማለዳው አሥር መርፌ ላይ ክር ታስገባለትና ደረት ኪሱ ላይ በተርታ ትሰካለታለች፤ የቀረውን እሱ በጣቱ ጫፍ እያየ ይሰፋል። ሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ትከሻና ወገብ ሲለካ ስለኖረ፣ መለኪያ ሜትሩም ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ፣ ስሙ «ጋሼ ሜትር» ሆኖ ቀርቷል። የሷንም የገዛ ስም የሚጠራ የለም፤ ልጅ አዋቂው «እናትዬ» ነው የሚላት። ክፉ ወሬ ከአፏ አይወጣም፤ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አትችልም። ድስቱ አርሮ ጎረቤት ሁሉ ቢሸተው እንኳ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» የምትል ሴት ናት። ይህ ደግነቷ ምን ይዞባት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊቱ ወደ መንገድ የሚከፈት የስፌት ቤት፣ የኋላው መኝታና ማድ ቤት። በሁለቱ መሃል ባለው ግድግዳ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ግንበኛ ነበር፣ እንደ ግንብ የጠነከረ። አንድ ቀን ራሱን አመመኝ ብሎ ሄዶ ተለካ፤ ነርሷ «ሁለት መቶ አሥር» አለችው። «ሁለት መቶ አሥር አሉኝ እኮ፣ ሁለት መቶ አሥር!» እያለ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱ ሬሳው ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤተሰብ ዘንድ አንድ እምነት ሥር ሰደደ፦ ሰውየውን የገደለው ቁጥሩን መስማቱ ነው! «ያቺ ቁጥር ባትነገረው ኖሮ ወንድሜ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ይስቅ ነበር» ይላል ባሏ፣ ወንድሙ በተነሳ ቁጥር። ለዓመታት ሳይታከም የቆየውን ግፊት የወቀሰ አንድም ሰው አልነበረም። ግፊቱ ነጻ ወጣ፣ ቁጥሯ ተፈረደባት።

እንግዲህ የፈጣሪን ሥራ ተመልከቱ፤ ከዚሁ ቤት የወጣችው አንዲት ልጃቸው ሥራዋ ቁጥር መናገር ሆነ። አግብታ ሁለት መንገድ ራቅ ብላ የምትኖረው ልጅ፣ ጤና ጣቢያ ሰልጥና፣ የሰፈሩን ስኳርና ግፊት ለመከታተል በበጎ ፈቃድ ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈሩ አናጢ ዎርክሾፕ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ገና ቀለም ያልተቀቡ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ የእንጨት ብናኝ እየተነፈሱ፣ አንድ በአንድ ይለካሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ቁጥር አይደበቅም። ልጅቷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሁሉም ይሰማል። ከፍ ያለበት ሰው አይሰደብም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ሰፈሩ ይመጣበታል። አንዱ ማለዳ በሩን አንኳኩቶ አብሮት በእግሩ ይሄዳል፤ ሌላው ኪኒኑን ሲውጥ ቆሞ ያያል፤ ሌላዋ ማድ ቤት ድረስ ገብታ ድስቱን ትቀምስና «ኧረ ጨዉ! ባሕር ነው እንዴ የምትበሉት?» ትላለች። «ቁጥር ምን ያስፈራል?» ይላል ከመሃላቸው አንዱ፣ ጡረተኛ ሹፌር፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ታርጋ ሳነብ ኖሬ የነከሰኝ ታርጋ የለም!» እየሳቁ፣ እየተቀላለዱ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመሃላቸው አንድም ሰው አልሞተም። ሰብሳቢያቸው ማን ነበር? ጋሼ ሜትር!

አንድ ቅዳሜ ግን ተራው የራሱ የሰብሳቢው ሆነ። የስኳሩ ቁጥር ማኅበሩ ከተጀመረ ወዲህ ደህና ነው፤ ግፊት ግን ከዚያ በፊት አልነበረበትም። ልጁ መጠቅለያውን አሰረችለት፣ ለካችው፣ እንደ ልማዷም ጮክ ብላ «መቶ ሰባ ስምንት በመቶ ሁለት» አለች። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድሜን…» ብሎ ሳይጨርስ ከወንበሩ ተንሸራቶ ብናኙ ላይ ወደቀ። ውሃ ረጩት፣ አነቃቁት፣ ነፍሱ ተመለሰች። ልጁ በዚያው ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች። አንዳንድ ሰው ሰው ፊት ሲለካ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቤቱ ተረጋግቶ ይለካ፣ በደብተር ይጻፍ አሏት። ሁለት ዓይነት ኪኒንና ያቺን ነጭ መለኪያ ሰጧት። እንግዲህ በዚያ ማኅበር ውስጥ ግፊቱ ሰው ፊት የማይለካ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም ሰብሳቢው ራሱ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ነበር። ኪኒኖቹ ሠሩ፤ ቁጥሩ ወረደ። እናትዬ በደስታ ታነባለች፣ በደስታ ትጽፋለች። ከዚያ አንድ ዝናባማ ማለዳ መለኪያዋ አጓርታ አጓርታ ዝም ስትል መስታወቷ ላይ የወጣው መቶ ሰባ ሁለት ሆነ። እናትዬ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ያው ነው። ባሏ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ያን ደብዛዛ ዓይኑን ድምጿ ወደሚመጣበት ልኮ ይጠብቃል። ከንፈሩ ደርቋል።

«ስንት ነው እሜቴ?» አላት።

ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ያ ግንበኛ በፎቶ ውስጥ ቆሞ ያያታል። እንዴት ትበለው? እንዴት ያቺን ቁጥር በገዛ አፏ እንደ ጥይት ትተኩስበት? ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ ይወርዳል፣ ምን ይጎዳል?… ምላሷ ከሷ ቀድሞ ሄደ።

«መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት» አለች።

«ተመስገን!» አለ ባሏ፤ ፊቱ በራ፣ እየዘፈነ ወደ ስፌቱ ሄደ። እናትዬ ደብተሩ ላይ ያንኑ ጻፈች። በማግስቱ መቶ ሰባ ስድስት መጣ። አሁን እውነቱን ትናገር? ትናንት መቶ ሠላሳ ስምንት የሰማ ሰው ዛሬ መቶ ሰባ ስድስት ሲሰማ ልቡ ቀጥ አይልም? ትናንት ትንሽ የነበረው ድንጋጤ ዛሬ አድጎ ጠበቃት፤ ነገ ደግሞ ከዛሬው ይብሳል። መቶ አርባ አለችው። በሦስተኛው ቀን መቶ ሠላሳ አራት። እንዲህ እያለች፣ አንድ ውሸት ሌላውን እየጎተተ፣ እናትዬ መመለሻ የሌለው ጎዳና ገባች።

ቅዳሜ ልጃቸው ደብተሩን ከፍታ ለሰው ሁሉ አነበበች፤ ዎርክሾፑ በጭብጨባ ተናጋ። «ጋሼ ሜትር ሊሞሸሩ ነው መሰለኝ!» አለ ሹፌሩ። ልጅቷ አባቷን ግንባሩን ስማ «አባዬ የኛ ምስክር ነው» ስትል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? በወሩ ልጅቷ ደብተሩን ብቻ ይዛ ሄዳ ለጤና ጣቢያዎቹ አሳየች። ሰውየው አልፎ አልፎ ያዞረኛል ብሎ ነበርና፣ ግፊቱ ዝቅ ሳይልበት አይቀርም፣ አንደኛው ኪኒን ይቁም አሉ። ይቁም! እናትዬ ይህን ስትሰማ ሮጣ እሽጉን ቆጠረች። ከድሮው ኪኒን አሥራ አንድ ፍሬ ቀርቶ ነበር፤ በየማለዳው «ለዓይን የታዘዘ ቫይታሚን ነው» እያለች አንዳንድ አስዋጠችው። አሥራ አንድ ቀን ቁጥሩ አልጨመረም፤ አሥራ አንድ ቀን ትንሽ እንቅልፍ አገኘች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እሽጉ ባዶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርሃት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሲያስል ትደነግጣለች። ስፌት መኪናው ዝም ካለ ሮጣ ትመጣለች፤ ጨርቅ ሲያገላብጥ ታገኘዋለች፤ «ምነው እሜቴ፣ እሳት ተነሳ?» ይላታል። ጨው ከቤቱ አጠፋች፤ «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?» እያለ እየሳቀ ይበላል። አጉል ሰበብ እየፈጠረች በእግሩ ታንሸራሽረዋለች። ብቻዋን፣ በድብቅ፣ አሥራ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚሠራውን ሥራ አንዲት ሴት ልትሠራው ደከመች። እንዴት ይቻላል? ቁጥሩ ግን ይወጣል። መቶ ሰማንያ ስምንት… መቶ ዘጠና አንድ… መቶ ዘጠና ስምንት…

አንድ ቀን ጨክና ወደ ልጇ ቤት ሄደች። ልትነግራት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ስታጠና ሄደች። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ደስታ ፊቷን አጥለቅልቆታል። «እማዬ ደህና መጣሽ! የአባዬን ደብተር አይተው ሌሎች ሦስት ሰፈሮችም እንደኛ ይጀምሩ አሉ! አንቺ በየቀኑ እየለካሽ ባትጽፊልኝ ይሄ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እናትዬ አፏን ከፈተች። «ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት» አለች። ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሰው በሽታ የደበቀስ?

ሐሙስ ማለዳ ባሏን ለካችው። ሁለት መቶ ሁለት በመቶ አሥራ ስድስት። «መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት» አለች፤ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት። ባሏ እንደ ወትሮው ተመስገን ብሎ አልተነሳም። እጁን ዘርግቶ እጇን ፈለገ፣ አገኘው፣ ይዞ ቆየ። በመርፌ የሻከሩ ጣቶቹ የሷን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«እርግጠኛ ነሽ እሜቴ?»

«እንዴ! አይቼ እኮ ነው።»

«እሺ» አለ። ቀጥሎም «ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ እኔ የት እደርስ ነበር» አላት። እንባዋ ዱብ ሲል እንዳይሰማው እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች። ወይ አለማወቅ! ያቺ ደቂቃ እውነቱን እንድትናገር የተሰጠቻት ደቂቃ ነበረች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ እናትዬ ማድ ቤት ድንች ትልጣለች። ስፌት መኪናው ይንኳኳል። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነበር የሚሰፋው፣ አርባ ኮሌታ። ከዚያ መኪናው መንኳኳቱን ሳያቆም አካሄዱ ተለወጠ፤ ጨርቅ እንደሌለበት ባዶውን የሚሮጥ መሰለ። ከዚያ ዝም አለ። እናትዬ ቢላዋውን ጥላ ሮጠች። ባሏ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሊናገር ይታገላል፤ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም… እንደ ሕፃን የተኮላተፈ ድምፅ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እናትዬ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሰምቶ መንገዱ በሙሉ ተነቅሎ መጣ። ሹፌሩ ያረጀች መኪናውን አስነስቶ፣ አናጢው ተሸክሞት፣ እሷ እግሩን ደረቷ ላይ ታቅፋ ሆስፒታል ደረሱ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል» አለ። «ግፊታቸው በጣም ከፍተኛ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ግፊቱ እኮ ደህና ነው!» አለች ልጅቷ፤ እየሮጠች መጥታ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። በመንገዷ የአባቷ ቤት ገብታ ደብተሩንና መለኪያዋን በቦርሳዋ ይዛ ነበር። «ይኸው ደብተሩ! በየቀኑ ተለክቷል፤ መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሠላሳ አምስት…»

ዶክተሩ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰላት። «እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ቀን አይመጣም እህቴ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል። ያለፈውን ያስቀምጣል እኮ፤ ተጫኝውና እዪው» ብሏት ወደ ሕመምተኛው ተመለሰ።

ልጅቷ መለኪያዋን አወጣች። እናትዬ የሆስፒታሉን ቀዝቃዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች፤ ከልማድ ብዛት፣ ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታደርገው፣ ጮክ ብላ አነበበች። «ሁለት መቶ አምስት…» ተጫነች። «ሁለት መቶ ሁለት…» ተጫነች። «መቶ ዘጠና ስምንት… መቶ ዘጠና ስድስት…» ድምጿ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ደብተሩን አየች፣ መለኪያዋን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች።

«እማዬ… ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ነው ልጄ… እንደ ወንድሙ እንዳይሆንብኝ…»

«ገደልሽው!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። «መድኃኒቱን አስቆምኩበት እኮ! ያንቺን ጽሑፍ ይዤ ሄጄ በገዛ እጄ አስቆምኩበት! ውጪልኝ፤ አጠገቡ እንዳላይሽ፣ ውጪ!» እናትዬ እንደ በደለኛ አንገቷን ደፍታ፣ ከአልጋው ፈቀቅ ልትል ስትል አንድ ነገር ያዛት። የባሏ ግራ እጅ ነው። መላ አካሉ የከዳው ሰው፣ ያን አንድ ደህና እጁን ልኮ የቀሚሷን ጨርቅ ጨብጦታል። ነርሷ ልታላቅቀው ሞከረች፤ አልለቅም አለ። ያን ያህል ኃይል ከየት አመጣው? ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እናትዬ በተያዘችበት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኮሪደሩ ላይ ፀጉሩ ብናኝ እንደለበሰ የቆመው አናጢ ያንን ጩኸት ሰምቶ ነበር። ልጅቷን ክንዷን ይዞ መልሶ አስገባትና እናትዬ ፊት ተንበረከከ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ረቡዕ ዕለት ራሴን እያመመኝ ነው ብለው መጡ። በማኅበሩ መለኪያ ለካኋቸው። ሁለት መቶ አራት! አንብብልኝ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። «አሃ፣ ሚስቴ ስትፈራ ነው የከረመችው» አሉ። አልተቆጡም እናትዬ፣ እውነቴን ነው፣ አልተቆጡም። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው «አይሆንም፣ ሳትሰናዳ ውሸቷ ከተገለጠባት ትደነግጥብኛለች፤ በልጄም ፊት ትዋረዳለች። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ሰኞ አብረን ሄደን ኪኒኑን እናስመልሳለን። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር» ብለው አስማሉኝ። እኔ ደንቆሮ ምዬ ተቀመጥኩ!»

ሰኞ! እናትዬ ይህን ስትሰማ የሐሙሱ ማለዳ ፊቷ ድቅን አለ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ያላት ውሸቷን እያወቀ ነበር። ተባረኪ ያላት እያወቀ ነበር! እሷ እሱ እንዳይደነግጥ፣ እሱ እሷ እንዳትደነግጥ፤ አንዱ ላንዱ ሲሳሳ፣ ሞት መሃላቸው ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠ። «ምነው በሰደብከኝ!» ብላ አልጋው ብረት ላይ ግንባሯን ደፋች። «ምነው ውሸታም ባልከኝ! አንተ ሰው፣ ምነው አንድ ጊዜ ብትቆጣኝ!» ሰውየው ይሰማ ይሆን? ማን ያውቃል። ጣቶቹ ግን ጨርቁን እንደጨበጡ ነበሩ። እሑድ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ጣቶቹ በራሳቸው ላሉ፤ ያ ሰኞ ሳይደርስለት ቀረ።

ከቀብር በኋላ ልጅቷ ወደ እናቷ ቤት አልመጣችም። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአናጢው ዎርክሾፕ በሩ ዝግ ነው። የሚያነብ የለም፣ የሚለካ የለም፤ ሰው ሁሉ ቁጥሩንና ፍርሃቱን ይዞ ቤቱ ተቀመጠ። ከማኅበሩ አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ምድጃዋ ፊት ራሷን ስታ ወደቀች። ያን ጊዜ አናጢው ልጅቷ በር ላይ ሄዶ ቆመ። «ልጄ፣ አባትሽን የገደለው የተደበቀ ቁጥር ነው» አላት። «አሁን ደግሞ የአሥራ አንዳችን ተደብቋል። እናትሽንም ትናንት አየኋት፤ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትሄደው። ቅያሜሽን ያዢው፣ አልከለክልሽም፤ ግን ለኪያት።»

በማግስቱ ማለዳ እናትዬ በር ሲከፈት ሰማች። ልጇ ናት። ከስታለች፤ ሰላምታ የለም፣ ስሞሽ የለም። ጠረጴዛው ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ያቺን ነጭ መለኪያ አወጣች። እናትዬ ጀርባዋ ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይሆንም! ከዚህ ቤት አውጪልኝ! እሷን እንዳላያት!»

«ክንድሽን ስጪኝ።»

«ልጄ በፈጠረሽ…»

«ክንድሽን ስጪኝ እማዬ።»

እናትዬ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ዓይኗን ጨፈነች። መለኪያዋ አጓራች፣ ነፋች፣ ተነፈሰች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። መቶ ዘጠና አራት በመቶ አሥራ ሁለት። ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየችው፦ የተጨፈነው ዓይን ሽፋን ይርገበገባል፣ የደረቀው ከንፈር ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን ያለቀሰች ሴት ፊት። «ስንት ነው?» አለች እናትዬ በሹክሹክታ። ያን ጊዜ ያቺ ለሁለት ወራት «ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ስትል የኖረች ልጅ ራሷ ፈራች። ብትደነግጥስ? እንደ አጎቷ ብትሆንስ? ከሷ ሌላ ማን ቀራት? ምላሷ ከሷ ቀድሞ ሄደ…

«መቶ ሠላ…»

አፏን በእጇ ያዘች። ሌላ ማንም ሊያስረዳት ያልቻለውን ያቺ ግማሽ ቃል አስረዳቻት። እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። «እማዬ ይቅር በይኝ! ልዋሽሽ ነበር… ልዋሽሽ ነበር እኮ! አሁን ገባኝ፣ አሁን ገባኝ…»

እናትዬ ዓይኗን ገለጠች። የልጇን ፀጉር ዳሰሰች። ከዚያ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ያልነበራት ድፍረት ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ «ንገሪኝ ልጄ» አለች። «ብሞትም ሰምቼ ልሙት። ጮክ በይ።»

«መቶ ዘጠና አራት» አለች ልጅቷ እያለቀሰች፤ «በመቶ አሥራ ሁለት።»

እናትዬ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። የሚገድላትን ነገር ጠበቀች። ልቧ ይመታል። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፤ ጎረቤት ባልዲ ወደቀ። ጠበቀች… ምንም አልመጣም። ልቧ አሁንም ይመታል።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው እማዬ። መድኃኒት አለው።»

«ይኸው ነው?» አለች እንደገና፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተሰባበረ። «ይሄን ያህል ነው? ይሄን ነው እንዳይሰማብኝ ብዬ…» ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ለቅሶ ነው ብሎ ለመናገር ይከብዳል። ባሏ ይህን ሰምቶ፣ ለጥቂት ቀን ተክዞ፣ ኪኒኑን ውጦ፣ ተነስቶ ስፌቱ ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ሰፈሩ በሩን ያንኳኳለት፣ በእግሩ ያንሸራሽረው፣ በጨው ይቀልድበት ነበር። ልጇ አቅፋት አብራት አለቀሰች።

ዕድል ነው እንበል? ዕድል ሰውን የሚጥለው በጠላቱ እጅ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ ነበር! በሚወደው እጅ፣ በሚሳሳለት ምላስ ሲጥለው ግን ማን ይከሰሳል፣ ማንስ ይቅር ይባላል? እናትና ልጅ ፊታቸውን ታጥበው ወጡ። አናጢው በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሰኞ እንሂድ ያለ ግን አልነበረም። እናትዬን በሁለት ወገን ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመሩ።